ሁለተኛው ምስክር

«አይተናል!» አለ አበጋዝ።

አህመዲን የጓደኛውን ቃል ሲሰማ ደነገጠ። መስጊዱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ሁለቱ ከመግሪብ ሶላት በፊት ከመካነ ሰላም ከተማ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጥተው ነበር፤ ምዕራቡን እንደ እርጥብ በርኖስ የከበደ ደመና ስለጋረደው ግን ጨረቃዋ ቀርቶ ፀሐይ ስትጠልቅ እንኳ አላዩም።

የረመዳን ሃያ ዘጠነኛው ቀን ነው። ጨረቃ ከታየች ነገ ኢድ ይሆናል፤ ካልታየች ሌላ አንድ ቀን ይጾማል። የከተማው ስልክ ከተበላሸ ሰንብቷል፤ ሬድዮውም ከጩኸት በቀር የሚያሰማው የለም። ስለዚህ ነገሩ በሁለት ምስክር ቃል ላይ ወደቀ።

አህመዲን አበጋዝን በክንዱ ይዞ ወደ በሩ ሳበው።

«አንተ! ምን ነካህ? መቼ አየን?»

«ጨረቃዋ አለቻ! አስልቼ አሳይቼህ የለ? ትናንት ማታ ከፀሐይ ጋር ተገጣጥማለች፤ ዛሬ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ትቆያለች። ደመና ስለጋረዳት የለችም ማለት ነው?»

አህመዲን የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስን ያለፈው በአበጋዝ አስጠኚነት ነው። በፕላዝማ ቴሌቪዥን የምታስተምረው መምህር እንግሊዝኛዋን አንበልብላው እብስ ስትል፣ ጥያቄ የሚቀበለው እሱ ብቻ ነበር። ስሌቱን አልተጠራጠረም። የከበደው ሌላ ነው፤ «አለች» ማለትና «አየኋት» ማለት አንድ ናቸው ወይ?

«ታዲያ ስሌቱን ለምን አትነግራቸውም?»

«የልጅ ነገር ብለው ይስቁብኛላ! አየሁ ስል ግን አመኑኝ። ጀለሴ፣ በቃ አዎ በላቸው።»

ኢማሙ ሸህ ይመር ከፊት ሆነው አህመዲንን ጠሩት።

«ና እስቲ ልጄ። ማሻአላህ፣ እኛ ደመና ብቻ ባየንበት እናንተ ዘልቃችሁ አያችኋት አሉ! አንተስ በዓይንህ አይተሃታል?»

አህመዲን ፈራ። አዎ ካለ አገሩ ሁሉ በእሱ ቃል ጾሙን ሊፈታ ነው። «እኔ አላየሁም» ካለ ደግሞ እሱ ነጻ ይወጣል፤ አበጋዝ ግን ብቻውን ሐሰተኛ ምስክር ተብሎ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ምንም ነገር በትክክል ቢያሰላ ማን ያምነዋል?

«ሸህዬ፣ አበጋዝ በሒሳብ አስልቶታል» አለ። «ስሌቱ ልክ ነው። ጨረቃዋ እዚያ እንዳለች እኔም አምናለሁ።»

አበጋዝ ትንፋሹን ለቀቀ። አህመዲን ወደ እሱ አላየም።

«ያየነው ግን ደመና ነው» አለ። «ሁለታችንም።»