በግራ ነኝ

ማመን የሚከብደው ሰው ካለ እዚሁ ይተወው። እኔ ግን እዚያ ነበርኩ።

ቀኑ እሁድ ነው፣ ጥቅምት አጋማሽ። ሰዓቱ ከቀኑ አስር ሰዓት ከሃያ። ፀሐይ ነበረች። ቦታው ሚኒሶታ፣ ከከተማችን ዳር የሚያልፈው የብስክሌት መንገድ። ድሮ ባቡር ይሄድበት ነበር፤ አሁን አስፋልት ለብሶ በሰው ጓሮ ለጓሮ፣ በዛፍ መሀል ይሄዳል። ውሻ የሚያንሸራሽር፣ ልጅ በጋሪ የሚገፋ አይጠፋበትም። ሰው የሚሞትበት መንገድ አይደለም።

ባሌ ግን አምና ሞተበት።

ማርሊስ እባላለሁ፣ ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ባሌ ኦሪን ይባል ነበር። ሁለታችንም "የእሁድ ቀርፋፎች" የሚባለው የብስክሌት ማኅበር አባል ነበርን። ስሙን ያወጣችው ቨርና ናት፤ ሰባ አራት ዓመቷ፣ ሁለቱም ጉልበቷ ውስጥ ብረት ገብቷል፣ ምላሷ ግን ምንም አልሆነም።

ሕጋችን ሁለት ነው።

አንደኛው፣ ሰው ልታልፉ ስትሉ "በግራ ነኝ" ትላላችሁ። የሰማው ዞር ብሎ ሳያይ ወደ ቀኝ ይጠጋል። አስቦበት አይደለም፤ ሰውነቱ ለምዶታል።

ሁለተኛው፣ ከፊት የሚመራው ሰው አደጋ ሲያይ ይጠራል። "ጉድጓድ!" "ግንድ!" ከኋላ ያለው እሱን አምኖ ነው የሚነዳው።

አምና በጥቅምት፣ ኦሪን ብቻውን ሲነዳ፣ አንድ ሰው ሳይጠራ አለፈው። የብስክሌቶቹ መሪ ከመሪ ተነካካ። ኦሪን ወደቀ፣ ጭንቅላቱ መንገድ ዳር ካለው ድንጋይ ጋር ተላተመ።

ሰውየው አልቆመም።

ኦሪን አራት ቀን ኖረ። በሦስተኛው ቀን ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠጋሁ።

"አልጠራም..." አለ በሹክሹክታ። "ማርሊስ... አልጠራም እኮ።"

"ማን ነው?"

"አላየሁትም... ጎማው ይንጣጣል... ቀጭ ቀጭ ቀጭ..."

ያንን ድምፅ ዓመት ሙሉ ስፈልግ ኖርኩ። ቂም ያዝኩ፤ አላፍርበትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ማኅበሩ ኦሪን የወደቀበት ቦታ ላይ ነጭ ቀለም የተቀባ ብስክሌት ከዛፍ ጋር በሰንሰለት አሰረለት። ብስክሌት ሲነዳ ለሞተ ሰው እኛ ዘንድ እንዲህ ይደረጋል። መሪው ላይ የራሱን የመዳብ ደወል አሰርኩለት፤ እሱንም አብረው ነጭ ቀቡት። በሕይወት እያለ ደወሉ አንድ ጊዜ ይጮህና ሁለተኛው መሀል ላይ ይቆረጥበት ነበር... ቲንግ... ቲ። ቀለሙ ውስጡ ገብቶ ከደረቀ ወዲህ ግን ጭራሽ አይጮህም።

ሮይስ ማኅበራችን የገባው በሚያዝያ ነው። ሚስቱ የፈታችው፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ዝምተኛ ሰው። ሳልጠይቀው የግቢዬን ሣር ያጭዳል። ድንችና ሥጋ በትሪ ጋግሮ ደጄ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። ጥሪ ላይ ደግሞ የሚያህለው የለም፤ ለሽኮኮ እንኳ ይጠራል።

"ሮይስዬ፣ ሰምታሃለች፣ አመስግናለች፣ ተዋት ትሂድ" ትለዋለች ቨርና።

መጀመሪያ ባልኳችሁ እሁድ ብርዱ ሌሎቹን አስቀርቷቸው ሦስታችን ብቻ ወጣን። የሮይስ የወትሮው ብስክሌት ጥገና ቤት ገብቷል። ጥቁር፣ ቀጭን የእሽቅድድም ብስክሌት ይዞ መጣ። አቧራ ጠግቧል።

"ይሄን የት ደብቀኸው ነው?" አለችው ቨርና። "እኛን አሮጊቶቹን ልትቀድም?"

"ጋራዥ ውስጥ ነበር" አለ። ወደ እኔ አላየም።

የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ሦስታችንም ፔዳል መምታት አቆምን።

ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ...

ከሮይስ ጥቁር ብስክሌት የኋላ ጎማ ነው።

አይስክሬም ቤቱ ጋ ስንደርስ ቨርና ልትገዛልን ተሰለፈች። እኔ የጫማዬን ክር የማስር መስዬ ከጥቁሩ ብስክሌት አጠገብ አጎነበስኩ። የመሪው ጫፍ ተፍቋል። በተፋቀው ላይ አረንጓዴ ቀለም አለ።

የኦሪን ብስክሌት አረንጓዴ ነበር።

ቀና ስል ሮይስ ቆሞ ያየኛል።

"ይሄን ለመጨረሻ ጊዜ የነዳኸው መቼ ነው?" አልኩት ቀስ ብዬ።

"አምና።"

"አምና መቼ?"

በመዳፉ የተፋቀውን ቦታ ሸፈነ።

"ማርሊስ... አንድ የምነግርሽ ነገር አለ።"

"ንገረኛ።"

ቨርና ሦስት አይስክሬም ተሸክማ እየሳቀች መጣች።

"...ሌላ ጊዜ" አለ ሮይስ።

"ሌላ ጊዜ" ይለኛል። ሰባት ወር ሙሉ ሣሬን ሲያጭድ፣ ምግብ ሲያመላልስልኝ፣ ደጄ ላይ ቆሞ ስለ አየሩ ሲያወራኝ ሌላ ጊዜ ሞልቶት ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ።

የዚያን ቀን መሪዋ እኔ ነበርኩ። መሪ ደግሞ መንገዱን ቀድሞ ያያል። ዓርብ ሄጄ አይቼዋለሁ። ከነጩ ብስክሌት አልፎ፣ ከመታጠፊያው ቀጥሎ የእንጨት ድልድይ አለ። ዛፍ ወድቆበት የቀኝ በኩል መደገፊያው ሦስት ሜትር ያህል ተገንጥሏል። ቢጫ ፕላስቲክ ወጥረውበት ነበር፣ እሱንም ነፋስ ወስዶታል። ከታች ድንጋያማ ጅረት ነው። አይስክሬም ቤት ስንቆም ልነግራቸው አስቤ ነበር።

አልነገርኳቸውም።

ነጩ ብስክሌት ጋ እንደ ልማዳችን ቆምን። ሁሌም እያንዳንዳችን ደወሉን ነካ አድርገን ነው የምንሄደው። ቨርና እጇን ዘርግታ መሀል ላይ ተወችው።

"ማነው ጎማውን የነፋው?"

ዓመት ሙሉ አየር ያልነበረው ጎማ ተወጥሯል።

ጎንበስ ብላ በጣቷ ጫን አደረገችው፣ ወዲያው ጣቷን ሰበሰበች።

"ይሞቃል..." አለች በሹክሹክታ። "አሁን ከመንገድ የገባ ነው እንዴ?"

ሰንሰለቱ እንደተቆለፈ ነው። ቁልፉ ዝጓል።

"እንሂድ" አለ ሮይስ። ፊቱ አመድ መስሏል። "እባካችሁ እንሂድ።"

ሄድን። እኔ ከፊት፣ ሮይስ ከኋላዬ፣ ቨርና ከእሱ ኋላ።

መቶ ሜትር እንኳ አልሄድንም።

ቲንግ... ቲ።

ከኋላ ነው። ከሩቅ።

"ቨርና፣ አንቺ ነሽ?" አለ ሮይስ።

"እኔ ደወል የለኝም" አለች ቨርና።

ታጠፍን። ድልድዩ ፊት ለፊቴ መጣ። የተገነጠለው ቦታ ወለል ብሎ ይታየኛል። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። "ቀኙ ክፍት ነው" ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ።

ቀጭ ቀጭ ቀጭ... ይላል ከኋላዬ።

አፌን ዘጋሁ። መሀሉን ይዤ አለፍኩ።

ያኔ ሰማሁት።

"በግራ ነኝ።"

ሠላሳ አምስት ዓመት አብሬው የተኛሁትን ሰው ድምፅ አላጣውም። ጎርነን ብሎ፣ መጨረሻዋን ጎተት ያደርጋታል። ኦሪን ነው።

ሮይስም ሰማ። ሳያስብ ወደ ቀኝ ተጠጋ...

ስዞር ድልድዩ ላይ ማንም አልነበረም። ከታች፣ ከውሃው ዳር፣ አንድ ጎማ ብቻውን ይሽከረከራል።

ቨርና ድልድዩ አፍ ላይ፣ በቀኝ በኩል የሣሩን ጥግ ይዛ ቆማለች።

"ያ ሰውዬ የት ሄደ?" አለችኝ።

"የቱ?"

"የጠራው ነዋ... ያልፈኛል ብዬ ጥግ ያዝኩለት። አላለፈኝም።"

ስልኳን አውጥታ ለአምቡላንስ ደወለች። እኔ ወደ ታች ወረድኩ። ሮይስ ድንጋዩ ላይ በጀርባው ተንጋሏል፣ ዓይኑ ክፍት ነው። አጠገቡ ተንበረከክሁ።

"እኔ አልጠራሁትም" አለ። "እሱ ግን... ጠራኝ።"

"አውቃለሁ።"

"ዓመት ሙሉ ልነግርሽ..." ትንፋሹ ተቆራረጠ። ቀና ብሎ የተገነጠለውን መደገፊያ አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። "ይሄን... ታውቂ ነበር?"

አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ የዚያን ሰዓት ደስ ብሎኝ ነበር።

እሱም አራት ቀን ኖረ።

ፖሊሱ ጠየቀኝ። "መሪዋ አንቺ ነበርሽ። አደጋውን ጠርተሻል?"

"ጠርቻለሁ" አልኩ።

ቨርና አየችኝ። ፊቷን አዞረች። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሳም።

ማኅበሩ ድልድዩ ላይ ሁለተኛ ነጭ ብስክሌት አቆመ። ቂሜ ሲወጣልኝ እንቅልፍ ይወስደኛል ብዬ ነበር። አልወሰደኝም።

ያለፈው እሁድ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ብቻዬን ወጣሁ። የመጀመሪያው ውርጭ ወርዶ አስፋልቱን ነጭ አድርጎታል። ከእኔ በፊት የረገጠው የለም። ነጩን ብስክሌት አለፍኩ። ቀና ብዬ አላየሁትም።

ቲንግ... ቲ።

"በግራ ነኝ።"

ሰውነቴ በራሱ ወደ ቀኝ ማለት ጀመረ። ኦሪን ነው፣ ባሌ ነው፣ ምን ያስፈራኛል አልኩ።

ያኔ በቀኜ በኩል፣ እጄ በሚደርስበት ቅርበት...

ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ...

ይሄኛው አልጠራም።

ፍሬን ያዝኩ። ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። በግራም በቀኝም ሰው የለም። ከፊቴ ያለውን ውርጭ ምንም አልነካውም።

ቀስ ብዬ ወደ ኋላ ዞርኩ።

ውርጩ ላይ የጎማ መስመር አለ። የእኔ መሀል ላይ ነው። በግራው አንድ፣ በቀኙ አንድ።

ሁለቱም እኔ የቆምኩበት ድረስ መጥተው፣ ከእግሬ አጠገብ ቆመዋል።