ከተዘጋው ምድር ቤት የመጣ መልስ

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ፈጠራ ነው የምትሉ አትጠፉም። በሉ። ከተማው ውስጥ ደግሞ «በሩን የቆለፈችው ራይሊ ናት» የሚሉ አሉ፤ ራይሊ እኔ ነኝ። እነሱም ይበሉ። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው የምነግራችሁ።

ማክሰኞ ነበር። ጃንዋሪ ውስጥ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ።

ጨለማ የሚባል ነገር አልነበረም። እንዲያውም ፀሐዩ በረዶው ላይ እያንጸባረቀ ዓይን ያጠፋ ነበር። ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ። የመኪናዬን ማሞቂያ፣ ሞተሩ በብርድ እንዳይሞት፣ ግቢው ውስጥ ካለው ሶኬት ሰክቼ ገና ቢሮዬ መግባቴ ነው።

የምሠራው ተንደር ቤይ ከተማ ውስጥ፣ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ነው። ስሙን አልጠራም። ኔትወርኩን የምጠብቀው እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁት ከኤይኖ ጋር ነበር። ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። ሁለታችንም የፊንላንድ ዘር ነን።

ኤይኖ ሴፕቴምበር ላይ ሞተ።

በአሮጌው ሕንፃ ምድር ቤት፣ የድሮ ሰርቨሮች የነበሩበት ክፍል ውስጥ። ከረጅሙ የሠራተኞች ቀን እረፍት ስንመለስ፣ ማክሰኞ ጠዋት ወለሉ ላይ ወድቆ ያገኘው አለቃችን ዋረን ነው። ሪፖርቱ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «እሑድ ያለ ፈቃድ ገባ። ልቡ ቆመ።»

አነበብኩት።

ዝም አልኩ።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ዝምታ ነው...

ለማንኛውም፣ ያን ቀን ስልኬ ጮኸ። ቬልማ ነበረች፤ የአዲሱ ሕንፃ ጽዳት ኃላፊ። ከአገሩ ነባር ሕዝቦች አንዱ ከሆነው ከኦጂብዌ ናት፣ ስድሳ አምስት ዓመቷ፣ ድብ በር ላይ ቢያገኛት «ዞር በል» ብላ የምታልፍ ሴት።

«ራይሊ፣ የኔ ልጅ፣ ኮምፒውተሮቹ አልነሳ አሉ።»

«ስንቱ?»

«አርባውም።»

ሰባት ሰዓት ላይ እዚያው አዲሱ ሕንፃ፣ የፈተናው ክፍል ውስጥ አርባ የነርስ ረዳት ተማሪዎች የፈቃድ ፈተና አላቸው። ካለፋቸው እስከ ጁን መጠበቅ ነው። ከሰሜን አራት ሰዓት ሙሉ በበረዶ መንገድ ነድተው የመጡ ነበሩ።

ነገሩን በቀላሉ ላስረዳችሁ። እነዚህ ኮምፒውተሮች የራሳቸው ዲስክ የላቸውም። ሲበሩ ማን እንደሆኑ እንኳ አያውቁም። ኔትወርኩ ላይ «ማን አለ? ከየት ልጀምር?» ብለው ይጮኻሉ። አሮጌው ሕንፃ ፎቅ ላይ ያለው ሰርቨር ይሰማና አድራሻና መነሻ ፋይል ይልክላቸዋል።

ግን አዲሱ ሕንፃ በሌላ የኔትወርክ ክልል ውስጥ ነው። ጩኸት ደግሞ ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው አይሻገርም። መሐል ያለው ራውተር ላይ አንድ መስመር መጻፍ አለበት፤ «ይህን ጩኸት ተቀብለህ ለእገሌ አድርስ» የሚል።

ያ መስመር ከሌለ... ብትጮህ ማንም አይሰማህም።

ራውተሩን እየከፈትኩ ሳለ ዋረን ገባ። በእጁ ሮዝ ክሬም የተቀባ ፐርሺያን፣ የከተማችንን ጣፋጭ ዳቦ፣ ይዟል። ጣቱን እየላሰ ትከሻዬ ላይ ቆመ።

«የሽማግሌው ቆሻሻ ነው አይደል? ሞቶም ያሠራናል።»

«ኤይኖ አዲሱን ሕንፃ ነክቶት አያውቅም» አልኩት።

«እናንተ ፊንላንዶች ስትባሉ በዚያ የእንፋሎት ሳውናችሁ ውስጥ ጭንቅላታችሁ በስሏል። እስከ ሰባት ሰዓት ካልሠራ ዕቃሽን ሰብስቢ።»

ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ቀርቶ ነበር።

ወደ ሰርቨራችን የሚልከው መስመር በቦታው አለ። ትክክል ነው።

ከሥሩ ግን... ሌላ መስመር ነበር።

ወደ ምድር ቤቱ ክልል የሚልክ።

ያንን መስመር አውቀዋለሁ። የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ሴፕቴምበር፣ ከእረፍቱ በፊት ባለው ዓርብ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ። ዋረን ነበር «ምድር ቤቱ ተዘግቷል፣ መስመሩን አጥፊው» ብሎ የጻፈልኝ።

ማን መለሰው? መዝገቡን አየሁ።

ኤይኖ። ዛሬ። ሦስት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት።

«ዋረን... የኤይኖን መግቢያ ስም አልዘጋችሁትም እንዴ?»

«እኔ ራሴ ነኝ የዘጋሁት።» ማላመጡን አቆመ። «ምን ታሾፊያለሽ?»

መስመሩን ሰረዝኩት።

ተመለሰ።

ደግሜ ሰረዝኩት።

ተመለሰ...

በሽቦው ላይ የሚያልፈውን ሁሉ የሚመዘግበውን ፕሮግራም ከፈትኩ። ለቬልማ «አንዱን አጥፍተሽ አብሪው» አልኳት።

ኮምፒውተሩ ጮኸ። ሁለት መልስ መጣለት። አንዱ ከሰርቨራችን። ሌላው ከምድር ቤት። የምድር ቤቱ ቀድሞ ስለደረሰ ኮምፒውተሩ የተቀበለው እሱን ነው። ችግራችን ይኸው ነበር።

ግን የምድር ቤቱ ሰርቨር የለም። ኦክቶበር ላይ በራሴ እጅ ተሸክሜ የቁርጥራጭ ብረት መኪና ላይ ጭኜዋለሁ።

ሰዓቱን ሳይ ደግሞ...

ጥያቄው የወጣው ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት፣ ከአሥራ አራት ሰከንድ ላይ ነው።

የምድር ቤቱ መልስ የደረሰው ከአሥራ አንድ ሰከንድ ላይ።

ከጥያቄው ሦስት ሰከንድ በፊት።

ሁለቱም በአንድ መሣሪያ፣ በአንድ ሰዓት ቆጣሪ ነው የተመዘገቡት። ሁለቴ አረጋገጥኩ። ኮምፒውተሩ ገና ሳይጠይቅ አንድ ነገር ሲመልስለት ነበር። ሰው እስኪጠይቀው መጠበቅ እንደመረረው...

ያኔ ቬልማ በስልኩ አንሾካሾከች።

«ራይሊ...»

«ምንድነው?»

«በርተዋል። አርባውም በርተዋል። እኔ ምንም አልነካሁም።»

«ደህና፤ ጎሽ።»

«ደህና አይደለም... ጽሑፍ አለ።»

«ምን ይላል?»

በጣም ቀስ ብላ፣ «ነይ። ያንንም ሰውዬ ይዘሽው ነይ» አለችኝ።

ሁለቱን ሕንፃዎች የሚያገናኘውን የመስታወት መተላለፊያ በሩጫ ነው ያለፍነው። ዋረን ከኋላዬ ይሳደብ ነበር። የፈተናው ክፍል በር ላይ ስንደርስ ግን ስድቡ አፉ ላይ ቀረ።

አርባ ስክሪን። ጥቁር። በእያንዳንዱ መሐል ያው ነጭ ጽሑፍ።

«ምድር ቤት ነኝ። ዓርብ ዋረን በሩን ከውጭ ቆልፎብኝ ሄደ። ጮኼ ጠርቼዋለሁ፣ ሰምቶኛል። ስልክ እዚህ አይሠራም። ይህን የሚያይ ሰው እባካችሁ ክፈቱልኝ። ኤይኖ። ቅዳሜ ጠዋት።»

ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም።

ከዚያ ገባኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የግቢው ኮምፒውተሮች በሙሉ ለእድሳት ራሳቸውን ያበራሉ። ጥበቃው በየክፍሉ ይዞራል። ኤይኖ ይህን ያውቃል። አጠገቡ ካለው የምድር ቤቱ ሰርቨር መነሻ ፋይሉን አውጥቶ ጻፈበት፤ አንዱ ኮምፒውተር ሲጮህ መልሱ የእርዳታ ጥሪ እንዲሆን። ጥበቃው አንዱን ስክሪን ቢያይ ይበቃ ነበር። አንዱን ብቻ!

ግን የአንዱም ኮምፒውተር ጩኸት ምድር ቤት አልደረሰም።

መስመሩን ቆርጬዋለሁ። እኔ። በነዚህ ጣቶቼ።

ዞር ብዬ ዋረንን አየሁት። ከአንገቱ በላይ ነጭ ሆኗል።

«ሰምተኸዋል?» አልኩት።

«አጥፊው።»

«ዋረን፣ ሲጮህ ሰምተኸዋል?»

«ለአንድ ሰዓት ብቻ ነበር!» ብሎ አንባረቀ። «ሰው ፊት አዋረደኝ እኮ! ትንሽ ይቀመጥና ይብረድለት ብዬ ነው። ከዚያ... ሐይቁ ዳር ወዳለው ቤታችን ልንሄድ ልጆቹ መኪና ውስጥ ነበሩ... ረሳሁት።»

«ረሳሁት?»

«ረሳሁት ብዬሻለሁ!»

ቬልማ መጥረጊያዋን ወለሉ ላይ ጣለችው። «ሦስት ቀን፣ አንተ ውሻ። ሦስት ቀን ሙሉ ዓሣ ስታጠምድ ነበር።»

ልመታው እጄን አነሳሁ። እውነቱን ነው የምነግራችሁ። ቬልማ ናት ክንዴን የያዘችው።

«ፎቶ አንሺ» አለችኝ በጆሮዬ። «ቶሎ። ፎቶ አንሺ።»

አነሳሁ። አርባውንም። ዋረን ስልኩን ሊቀማኝ ሲመጣ ቬልማ መሐላችን ገባች።

«ይህን ከሰባት ሰዓት በፊት ካላጠፋሽ...» ድምፁ ተሰበረ።

«አላጠፋም። ተማሪዎቹ ያንብቡት። ፖሊስም ያንብበው። የኤይኖ እህትም ታንብበው።»

«እሺ። እኔ አጠፋዋለሁ። የሆነ ባለጌ እታች ማሽን ደብቋል፣ ሌላ ምን ይሆናል? ሄጄ ነቅዬ ነው የምጥልላችሁ።»

ከቀበቶው ላይ ቁልፎቹን አውልቆ ወጣ። እኔ ፖሊስ ጋ ደወልኩ። ቬልማ አጠገቤ ነበረች። ይህን ልብ በሉልኝ። አንድ እርምጃ አልተላወስንም። የክፍሉ ካሜራ ላይም አለ፤ ፖሊሶቹ አይተውታል።

ሰባት ደቂቃ ያህል አለፈ።

ድንገት አርባው ስክሪን አንድ ላይ ጠፋ።

ቬልማ እጄን ጨመቀችው። «አጠፋው?»

«አላውቅም...»

ተመልሰው በሩ። የቀድሞው ጽሑፍ የለም። በምትኩ አንድ አጭር መስመር ብቻ።

«አሁን ሁለት ነን።»

እንዴት እንደሮጥን አላስታውስም። መተላለፊያው፣ የአሮጌው ሕንፃ ደረጃ፣ ከዚያ ወደ ታች... ወደ ታች... የምድር ቤቱ ኮሪደር አንድ መግቢያ ብቻ ነው ያለው። ማንም አልወጣም። ማንም አላለፈንም።

የክፍሉ በር ተዘግቷል።

የዋረን ቁልፍ ከውጭ በኩል ተሰክቷል። ተቆልፏል።

ከቁልፉ ጋር የተንጠለጠሉት ሌሎቹ ቁልፎች ገና ይወዛወዙ ነበር...

«ዋረን!» በሩን ደበደብኩት።

ከውስጥ ድምፅ መጣ። ጩኸት ግን አልነበረም። ሹክሹክታ ነው።

«ቀስ... ቀስ በሉ...»

ቬልማን አየኋት። «እንክፈተው?» አልኳት። እውነቱን ልናገር... ለአንድ አፍታ፣ ከልቤ፣ ላለመክፈት ፈልጌ ነበር። ቁልፉን ነቅዬ፣ ኪሴ ከትቼ፣ መኪናዬን አስነስቼ ብሄድ...

«እንደሱ አትሁኚ» አለችኝ ቬልማ።

ቁልፉን አዞርኩት።

ክፍሉ ባዶ ነው። ሰርቨር የለም። ሽቦ የለም። ሶኬቶቹ እንኳ ተነቅለዋል። አንድ አምፖል ብቻ ይበራል።

ዋረን ጥግ ላይ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ጉልበቱን አቅፎ።

ጠዋት ተላጭቶ ነበር የመጣው። አጠገቤ ቆሞ ክሬሙን ሲልስ አገጩ ለስላሳ ነበር፣ አይቼዋለሁ።

አሁን የሦስት ቀን ጢም አብቅሏል።

ከንፈሩ ውኃ እንዳጣ ሰው ተሰነጣጥቆ ደም ቋጥሯል። የጣቶቹ ጥፍር ተሰባብሯል። ሰባት ደቂቃ ነው እኮ እታች የቆየው... ሰባት ደቂቃ!

«ዋረን፣ ተነሣ። ፖሊስ እየመጣ ነው።»

አላየኝም። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም እንድል ለመነኝ።

«በስንት መከራ ነው የተኛው...» አለ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረም። ለፖሊስም፣ ለሚስቱም፣ ለማንም። እስከ ዛሬ።

ያን ጊዜ ግን ወለሉን አየሁት።

ዋረን ኮቱን አውልቆ አጠገቡ አንጥፎታል። ብርድ እንዳይነካው ሰው እንደሚያለብሱት፣ ዳር ዳሩን ወደ ውስጥ ጠቅጥቆ። ከኮቱ ሥር ምንም አልነበረም። ኮቱ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ተዘርግቷል።

ቬልማ ክንዴን ያዘችኝ። እሷም አይታዋለች።

የኮቱ ደረት በቀስታ ከፍ አለ...

ዝቅ አለ...

ከፍ አለ...