ያልተከፈተው ኮፈን

የሞተ ሰው መኪና ማን ይሰርቃል? ያውም መብራት የሌለው፣ ሰሌዳ የሌለው፣ አስፋልት ላይ ቢወጣ ወዲያው የሚያዝ አሮጌ የእሽቅድድም መኪና?

መርማሪ ሬቫ ታልበርት ባዶው መጋዘን በር ላይ ቆማ ጥያቄውን ደጋግማ አሰበችው።

«እዚያ ነበር» አሉ አክስት ኦማ ክራውደር ወለሉን በከዘራቸው እያሳዩ። «ከባሌ ከዴልመር ሞት ጀምሮ አርባ ዓመት፣ አንድ ቀን ከቦታው ሳይነቃነቅ።»

«መቼ ነው የጠፋው?»

«ትናንት ማክሰኞ ከተማ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ስመለስ በሩ ተከፍቷል።»

ሬቫ ጎንበስ አለች። ወለሉ ላይ ቀይ የደረቀ ጭቃ ተፈርፍሯል። የመጨረሻው ውድድር ጭቃ ነው። አሸናፊ መኪና አይታጠብም፤ ኦማም አላጠቡትም።

በእነዚህ የካሮላይና ኮረብቶች ይህን ቁጥር ሃያ ሁለት መኪና የማያውቅ ሽማግሌ የለም። ዴልመር ክራውደር በአዘቦት ቀን ወተት ያመላልሳል፤ ቅዳሜ ማታ በሴዳር ክሪክ የአፈር ሜዳ ላይ ያን መኪና ወደ ጎን እያንሸራተተ የሁሉን ዓይን በአቧራ ይሞላል። በመጨረሻው ውድድር ተቀናቃኙን ሆይት ስትሪክላንድን በግማሽ መኪና ቀደማቸው። ሆይትም በሜዳው ወግ መሠረት ተቃውሞ አስገቡ፦ የዴልመር ሞተር ከተፈቀደው መጠን በላይ ነው፣ ይከፈት። ዳኛው ኮፈኑን በሽቦና በእርሳስ ማኅተም አሸገው። ሰኞ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ሊከፈት ነበር።

እሁድ ጠዋት ዴልመር ቁርስ ላይ እንዳለ ልቡ ቀጥ አለች።

የሞተ ሰው ሞተር ሚስቱ ፊት ለመክፈት ማንም አልደፈረም። ማኅተሙም ክርክሩም እንዳሉ ቀሩ።

አሁን ሜዳው ተሸጧል። በመጪው ሳምንት ቡልዶዘር ይገባበታል። ቅዳሜ የድሮዎቹ ሾፌሮች ለመጨረሻ ጊዜ ይሰበሰባሉ፤ ኦማም ኮፈኑ በዚያ ቀን፣ ሁሉ ፊት እንዲከፈት ወስነው ነበር።

«ሰማንያ አራት ሞላኝ» አሉ። «እውነቱ ሳይታወቅ አልሞትም። ከቅዳሜ በኋላ ደግሞ ቢታወቅስ ለማን? ሁለት ቀን ነው ያለሽ፣ ልጄ።»

ሬቫ «አገኘዋለሁ» አለች፤ በልቧ ግን እርግጠኛ አልነበረችም። ሲያትል ድረስ ሄዳ የወንጀል ምርመራ ተምራ ነበር። ተመልሳ ከመጣች ወዲህ የተሰረቀ ትራክተርና የጠፋ ውሻ ስትፈልግ ኖራለች። ለምን እንደተመለሰች ሲጠይቋት ወሬ ትቀይራለች። አባቷ በዚያ ሜዳ ባንዲራ አውለብላቢ ነበር፤ ለአንድ የዛገ ብረት ይህን ያህል የምትጨነቀው ለእሱ ስትል ይሁን ለኦማ፣ እሷም አልለየችውም።

መጀመሪያ ወደ ጋርላንድ ፒየርስ ሄደች። አሮጌ መኪና ሰብሳቢ ነው። መኪናውን ሽጡልኝ እያለ ኦማን ለዓመታት ደጅ ጠንቷል። የተሳቢው ጎማ ቀይ ጭቃ ለብሷል።

«ይህ ጭቃ ከየት መጣ?»

«እመቤቴ፣ በዚህ አገር ሌላ ቀለም ያለው ጭቃ አለ እንዴ?»

«ማክሰኞ የት ነበሩ?»

«ከኮረብታው ማዶ፣ ከአንድ ቄስ ላይ አሮጌ ፎርድ ስገዛ። ይደውሉላቸው። ሲከራከሩ ግን ቄስ አይመስሉም።»

ደወለች። እውነቱን ነው። ቄሱ እንዲያውም ተታልያለሁ ብለው አማረሩ።

ቀጥሎ የኦማ የወንድም ልጅ ዱዌይን። መኪናው ቢሸጥ ይሻላል ሲል የሰማው ብዙ ነው።

«እኔ?» አለ ጎኑን ይዞ። «ማክሰኞ ሆስፒታል ወለል ላይ ስንከባለል ነበር። የኩላሊት ጠጠር ነው። ላሳይሽ? በጠርሙስ አስቀምጬዋለሁ።»

«ይቅርብኝ።»

ሆይትን የጠረጠረ አልነበረም። አርባ ዓመት ሙሉ «ይከፈት!» እያሉ የኖሩ ሰው፣ ሊከፈት ሲል ለምን ይሰርቁታል?

ሐሙስ ጠዋት ሬቫ ወደ መጋዘኑ ተመለሰች። ወለሉን እንደገና አየች። ጥግ ላይ አንድ ቁራጭ ቆዳ ወድቋል። አነሳችው። የደረቀ አሮጌ ቀበቶ ነው። የተበጠሰበት ቦታ ገና አዲስ ነው።

ምን እንደሆነ ወዲያው አወቀች። የእነዚህ መኪኖች በር የሜዳው መታጠፊያ ላይ ይከፈታል፤ ስለዚህ ከመኪናው ምሰሶ ጋር በቀበቶ ይታሰራል። ሾፌሩ የሚገባው በመስኮት ነው። ልጅ ሳለች የአባቷን ትከሻ ረግጣ በመስኮት ስንት ጊዜ ገብታለች!

ይህ ሌባ ግን በበር ገባ። ቀበቶው የተበጠሰው ለዚያ ነው። በመስኮት መግባት የማይችል፣ ዕድሜ የተጫነው ሰው ማለት ነው።

ወደ ውጭ ወጣች። ከመጋዘኑ ጀምሮ ጭቃው ላይ የጎማው መስመር ቁልቁል ይወርዳል። ከመስመሩ ጎን የጥድ ቁጥቋጦ አለ። የተከፈተ በር እየተወዛወዘ ቢያልፍ ቅርንጫፉ ይሰበር ነበር። አንድም አልተሰበረም። ሌባው በሩን መልሶ አስሮታል።

በምን?

በመንደሩ ምግብ ቤት ውስጥ የድሮ ሾፌሮች እንደ ልማዳቸው የመስኮቱን ጠረጴዛ ከበዋል። ብስኩት የሚሉትን ትኩስ ዳቦ ከቋሊማ መረቅ ጋር ይበላሉ።

«ፕሮፌሰሯ መጣች!» አለ አንዱ። «ሌባውን ከመጽሐፍ ውስጥ አገኘሽው?»

«ገና ምዕራፍ ሁለት ላይ ነኝ።»

ሳቁ። ከመሐላቸው ሆይት ሰው ሁሉ እንዲሰማቸው ጮክ አሉ። «መኪናው አፍሮ ነው የጠፋው! ቅዳሜ ጉዱ እንደሚወጣ ያውቃል!»

ይህን ብለው ቡና ሊቀዱ ተነሱ። ሱሪያቸው ሸርተት አለ። በአንድ እጃቸው ያዙት። ወገባቸው ላይ የታሰረው የድርቆሽ ማሰሪያ ሲባጎ ነው።

ሬቫ ሆይትን ያለ ቀበቶ አይታቸው አታውቅም። ቀበቶው የሻምፒዮንነት ሽልማት ነው፤ ዘለበቱ የሾርባ ሳህን ያክላል። ለቀብርም ለሠርግም ይታጠቁታል።

«አጎቴ ሆይት፣ ቀበቶዎ የት ሄደ?»

«ወፈርኩ። ጠበበኝ።»

«ሱሪው ግን እየወለቀ ነው።»

ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። ሆይት አልሳቁም።

«ኑ፣ ትንሽ በመኪና እንዙር» አለች ሬቫ።

በመንገድ ላይ ሬቫ ናት የምትናገረው።

«የዴልመር ሞተር ሲነሳ እንኳን የተኛ የሞተም ይነቃል። ማክሰኞ ግን ማንም አልሰማም። ሞተሩ ሳይነሳ የሚሄድ መኪና ደግሞ የሚሄደው ቁልቁል ብቻ ነው። ከአክስት ኦማ ኮረብታ ቁልቁል ምን አለ፣ አጎቴ?»

«ታውቂዋለሽ።»

ሴዳር ክሪክ ሜዳ ጥድ በቅሎበታል። መኪናው የተመልካቹ መቀመጫ በፈረሰበት በኩል፣ ከጣውላው ሥር በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። ቀይ ጭቃው እንዳለ ነው። የኮፈኑ ማኅተም አልተነካም። በሩ ላይ ያ ትልቅ ዘለበት ያብለጨልጫል።

«ሲባጎ መኪናዎ ውስጥ አልነበረም? በሲባጎ ቢያስሩት እኮ አላገኝዎትም ነበር።»

ሆይት እንደ ተሰደቡ ሆነው ዞሩ። «የእሽቅድድም መኪና በር በሲባጎ? አብደሻል? መታጠፊያ ላይ ቢከፈትስ?»

«መታጠፊያ የታለ? ቁልቁለት ነው።»

«ቢሆንም!»

ሬቫ ሳቋን ዋጠች። ሆይት ጣውላው ላይ ተቀመጡ።

«ዴልመር በዚያ መታጠፊያ ሲገባ ብታዪው» አሉ። «መሪውን ወደ ቀኝ ይጠመዝዛል፣ መኪናው ወደ ግራ ይሄዳል። ሴቶቹ ፀጉራቸውን በሻሽ ጠቅልለው፣ የተቀቀለ ለውዝ ይዘው እዚህ ይደረደራሉ። አባትሽ ባንዲራውን ይዞ መንገዱ መሐል ይቆማል፣ እብድ! አንድ ሰው እንኳ ንጹሕ ሆኖ ወደ ቤቱ አይገባም ነበር።»

«ለምን ወሰዱት?»

«ሞተሩ ሕገወጥ ነው።»

«በምን ያውቃሉ?»

«የሱን ሲሊንደር ያሰፋው መካኒክ የኔንም አስፍቶታል። በአንድ ቀን።»

ሬቫ አፈጠጠችባቸው። «ታዲያ ለምን ተቃወሙ?»

«አሸነፈኛ! ምን ላድርግ? እሁዱን ሲጨነቅ ይዋል ብዬ ነው። ሰኞ ጠዋት ተቃውሞዬን ላነሳው ነበር።» ዓይናቸውን ወደ ማኅተሙ መለሱ። «እሁድ ሞተብኝ። የኔ ቀልድ ይሆን ልቡን ያቆመው እያልኩ ይኸው አርባ ዓመት። ‹ይከፈት› እያልኩ የምጮኸው ኦማ እሺ እንደማትል ስለማውቅ ነው። እሺ ስትል ደነገጥኩ። ባሏን አታላይ ነበር ሊሏት ነው፣ ያውም በሷ ዕድሜ። ቅዳሜ ካለፈ መልሼ አስገባው ነበር።»

ሬቫ ለኦማ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሳታስጨንቅ ለመንገር ቃል መረጠች። አላስፈለገም። ኦማ በረንዳቸው ላይ እንደተቀመጡ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ሲሊንደሩ ሲሰፋ መብራት የያዘው ማን ይመስልሻል?»

«ያውቁ ነበር?»

«የሆይትንም አውቃለሁ። ዴልመር በሞተባት ጠዋት ስለሱ ሲያወራ ነበር። ‹ሆይት ነገ ተቃውሞውን ያነሳል፣ አለዚያ የሱንም እናስከፍታለን› እያለ እንባው እስኪወርድ ይስቃል። እየሳቀ ነው የሄደው፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን ይከፈት አሉ?»

«ሰዎች ባሌን እንደ መልአክ ሥለውት ሊቀሩ ነው። እኔ ያገባሁት ያን አጭበርባሪ ነው፤ እሱን አስታውሰውልኝ እንዲስቁ ፈልጌ ነበር።» ዓይናቸውን ጠረጉ። «ሆይት ግን እንዲህ ብሎ ያስባል ብዬ አልጠረጠርኩም። አርባ ዓመት!»

«ክስ ይመሠርታሉ?»

«ጎረቤት ዕቃ ተውሶ መለሰ ብለሽ ጻፊ። ስልክሽን አውጪ ደግሞ። እኔ ፊደሉ አይታየኝም።»

ሬቫ ኦማ እንደነገሯት ጻፈች፦

«ሆይት፣ ዴልመር ያን ጠዋት ሲስቅብህ ነበር። ልቡን ያቆምከው አንተ አይደለህም። ቅዳሜ መፍቻህን ይዘህ ና፤ ኮፈኑን የምትከፍተው አንተ ነህ። ኦማ።»

«ላክሽው?»

«ልኬዋለሁ።»

ሆይት ቅዳሜ ከሁሉ ቀድመው ሜዳው በር ላይ ቆመው ተገኙ። መፍቻው በእጃቸው ነበር።