ሰርቨሩ ሁለት ናችሁ ያለኝ ቅዳሜ

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ያን ጊዜም አልነበርኩም፣ ባለቤቴ ሰላማዊት ሕልም አየሁ ስትለኝ ማታ ምን በልተሽ ነው የምላት፣ ሰው ጥላ ነገር አየሁ ብሎ ሲያወራ መነጽርህን ቀይር እያልኩ የማሾፍ ነበርኩ። ሥራዬም ፕሮግራመርነት ነው፣ ማሽን አንድ ነገር ካደረገ ምክንያት አለው፣ ምክንያቱ ካልተገኘ ፈላጊው ሰንፏል ማለት ነው፣ ይህን ለሰው ሁሉ ስሰብክ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ላስፈራራችሁ ፈልጌ እንዳይመስላችሁ፣ እመኑኝ፣ እኔን ከፍርሃቱ ይልቅ የሚያንገበግበኝ እፍረቱ ነው፣ ይህን ያህል ዓመት አፍኜ የያዝኩትም ለዚያ ነው።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው፣ የምንኖረው ኦክላንድ፣ የምሠራው ሳን ሆዜ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ፣ ሥራዬም ሲ በሚባለው ቋንቋ የሚጻፉ ፕሮግራሞችን ከዳታቤዝ ጋር ማገናኘት ነበር። ነገሩን ለማታውቁት በቀላሉ ልንገራችሁ፣ ዳታቤዝ መዝገብ ቤት ነው በሉት፣ ፕሮግራሙ በሩን ያንኳኳል፣ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ይናገራል፣ ሲፈቀድለት ገብቶ ይጽፋል ወይም ያነባል፣ ሲጨርስ ይወጣል። መዝገብ ቤቱን የሚጠብቀው ሰርቨር ደግሞ አሁን ውስጥ ስንት እንዳለ ብትጠይቁት ቆጥሮ ይነግራችኋል። በሲ ስትጽፉ ታዲያ ዳታቤዙ አንዱን መስመር አልቀበልም ቢል ፕሮግራሙ ደንግጦ አይቆምም፣ ተቀበልክ ወይስ አልተቀበልክም ብላችሁ መጠየቅ ያለባችሁ እናንተው ናችሁ፣ ካልጠየቃችሁ እንዳልሰማ ሰው ዝም ብሎ ያልፋል።

ኦክላንድ ውስጥ እድር ነበረን። መዝገቡን ለዓመታት የያዙት ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ሽማግሌ ዓይናቸው ደከመና ካስትሮ ቫሊ ልጃቸው ቤት ሊገቡ ሆነ፣ ማን ይረከባቸው ሲባል እኔ ተነሣሁ፣ በዚህ ዘመን፣ በዚህ አገር፣ በደብተር መሥራት ያሳፍራል፣ ስጡኝና ኮምፒውተር ውስጥ ላስገባው አልኩ፣ ተጨበጨበልኝም። ጋሽ ታደሰ ደብተሩን ሲሰጡኝ ቶሎ አለቀቁትም።

«ልጄ፣ ይሄ የስም ዝርዝር ብቻ አይደለም» አሉኝ፣ «መርዶ ሲመጣ ማን ለማን እንደሚደውል፣ ማን የማን ቤት እንደሚሄድ የሚታወቀው በዚህ ነው።»

«አውቃለሁ ጋሼ» አልኳቸው፣ ደብተሩን ሳብ እያደረግኩ። መርዶ በስልክ እንደማይነገር ለእናንተ ማስረዳት የለብኝም፣ ሰው ተሰባስቦ በማለዳ ቤት ድረስ ይሄዳል፣ ደግፎ ይይዛል፣ አብሮ ያለቅሳል፣ እኛም አሜሪካ ገብተን ስንቱን ነገር ስንጥል ይህችን አልጣልናትም ነበር።

ሰላማዊት እያነበበችልኝ ደብተሩን ሙሉ ጻፍኩት። ለእያንዳንዱ አባል ሁለት ሰው የማይጋራው መለያ ያስፈልግ ነበርና ስልክ ቁጥሩን መለያ አደረግኩት፣ አለቃዬን አስፈቅጄ ስለነበር ስብሰባው ባለበት ቅዳሜ ከምሳ በፊት ቢሮ ገብቼ ፕሮግራሙን አስነሣሁት። ሁሉም ገባ፣ አንድ ሰው የተጻፈበትን መስመር ብቻ ዳታቤዙ አልተቀበልኩም አለኝ። አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ ጽፌው ይሆናል አልኩ፣ ሌላ ጊዜ ሰው ፊት ሳስነሣው እንዲህ ያለ ቆሻሻ ስክሪኑ ላይ እንዳይታይብኝ ብዬ ተቀበልክ ወይስ አልተቀበልክም ብላ የምትጠይቀዋን መስመር ከፕሮግራሙ አወጣኋት። ጥፋቴ ይቺ ናት፣ አንዲት መስመር።

ከምሳ በኋላ ነው እንግዲህ ድምፁ የጀመረው፣ ውጭ ፀሐይዋ ቦግ ብላለች፣ ቢሮው ውስጥ ከእኔ ሌላ ማንም የለም፣ ፕሮግራሜም ሥራውን ጨርሶ ወጥቷል፣ ሃርድ ዲስኩ ግን ጠቅ ይላል፣ ትንሽ ዝም ይልና ጠቅ ጠቅ ይላል፣ እንደገና ዝም። ሰርቨሩን ማን አለ ብዬ ጠየቅኩት። ለመጠየቅ የገባሁት እኔ አንድ ነኝ፣ እሱ ግን ሁለት አለኝ፣ ሁለቱም በእኔ ስም የገቡ ናቸው። የተረሳ ግንኙነት ይሆናል ብዬ ሁለተኛውን ዘጋሁት፣ ተመልሶ ገባ። የኔትወርኩን ገመድ ነቀልኩት፣ አሁንም ሁለት። ማሽኑን አጥፍቼ አስነሣሁት፣ እመኑኝ፣ አንድም ፕሮግራም ሳልነካ ገብቼ ስጠይቀው ሁለት አለኝ።

ምን እየሠራ ነው ብዬ አየሁት። አንድ መስመር ላስገባ ይላል፣ አይቻልም ይባላል፣ ይጠብቃል፣ እንደገና ላስገባ ይላል። ከመስመሩ የሚታየኝ ስልክ ቁጥሩ ብቻ ነበር፣ ፈልጌ ሳገኘው አቶ በየነ የሚባሉ የታክሲ ሾፌር አባላችን የቤት ስልክ ነው፣ እሳቸው ደግሞ በደንብ ገብተዋል። የጋሽ ታደሰ ደብተር እግሬ ሥር ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ አውጥቼ ያንን ቁጥር ብፈልግ አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም፣ አልፈለግኩም። ስብሰባው ደርሶብኛል፣ ደግሞ አልዋሻችሁም፣ ከዚያ ክፍል መውጣት ፈልጌ ነበር። ዝርዝሩን አተምኩ፣ ስክሪኑን አጠፋሁ፣ ዲስኩ ከኋላዬ ጠቅ ጠቅ እያለ በሩን ቆልፌ ወጣሁ። ስብሰባው ላይ ዝርዝሩ ከእጅ እጅ ሲዞር ሰው ሁሉ እጄን ጨበጠኝ፣ ደብተሩን ወስጄ ቁም ሣጥን ላይ ወረወርኩት።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ጌታሁን ሥራ ቦታ ደወሉልኝ። ፍሪሞንት የሚኖሩ፣ በዚያው ዓመት የተመረጡ ሰው ናቸው፣ አባላቱን ገና አላወቋቸውም።

«ቢዚ ነህ እንዴ ወንድሜ? ከአዲስ አበባ ኮል አድርገውልኝ ነው። ወይዘሮ ዘነበች ወልዴ የሚባሉ ወንድማቸው አርፏል። አድሬሳቸውን ቼክ አድርግልኝ፣ ነገ ጠዋት ሰው ይዤ ልሂድ።»

ፈለግኩ። «ሊስቱ ላይ የሉም» አልኳቸው።

«እርግጠኛ ነህ? ኦክላንድ ናቸው ነው ያሉኝ።»

«ኮምፒውተሩ የለም ካለ የለም ነው አቶ ጌታሁን። የሳን ሆዜው እድር አባል ይሆናሉ፣ እነሱ ይነግሯቸዋል።» ይህን ያልኩት ሌላ ሥራ በእጄ እየሠራሁ ነው። እሳቸው ለሳን ሆዜዎቹ መልእክት ተዉ፣ ሳን ሆዜዎቹ ሴትዮዋን ከየት ያምጧቸው።

ሦስት ሳምንት አለፈ፣ አንድ እሑድ ሰላማዊት ከቤተ ክርስቲያን ፊቷ ተለዋውጦ መጣች።

«እትዬን አስታወስካቸው? አባትህ የሞቱ ጊዜ ሳምንት ሙሉ ዕቃ ያጠቡልንን? ወንድማቸው ሞቶ አንድም ሰው አልሄደላቸውም። መርዶውን በስልክ ነው የሰሙት። ዘመዳቸው የተነገራቸው መስሎት እግዚአብሔር ያጽናሽ ሊላቸው ደወለ፣ ስለ ምኑ ነው የምታጽናናኝ አሉት።»

ስማቸው ማን ነው አልኳት። አየችኝ። «ወይዘሮ ዘነበች» አለችኝ። ሳምንት ሙሉ ቤቴ ጎንበስ ቀና ሲሉ እትዬ እያልኩ ስጠራቸው ስማቸውን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ደብተሩን አውርጄ ገለጥኩት፣ በጋሽ ታደሰ እጅ እንዲህ ተጽፏል፣ ወይዘሮ ዘነበች ወልዴ፣ በአቶ በየነ ቤት የኋላ ክፍል፣ ስልኩም የአቶ በየነ ስልክ። ተከራይ ናቸው፣ ስልኩን ከባለቤቱ ይጋራሉ፣ እኔ ደግሞ አንድ ቁጥር ለአንድ ሰው ብዬ ዘግቼባቸዋለሁ። ግማሹ ሐበሻ በአንድ ስልክ ሁለት ሦስት ሆኖ በሚኖርበት ከተማ፣ እኔም ራሴ እንዲያ ኖሬ፣ እንዴት እንዳልታየኝ ዛሬም አላውቅም።

በዚያው እሑድ ከሰዓት ሄድን። ወጥ ቤት ውስጥ ተቀበሉን፣ ጥቁር ለብሰዋል፣ አቶ በየነ አገር ቤት ሄደው ስለነበር ቤቱ ባዶ ነው። አልቅሰን ስንቀመጥ እንዲህ አሉ፣ «የረሳችሁኝ አልመሰለኝም። ማንን አስቀይሜ ይሆን እያልኩ ነው የከረምኩት።»

እኔ ነኝ ያጠፋሁት ልል አፌን ከፈትኩ። «ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ነው እትዬ» አልኩ። ሰላማዊት ወደ መሬት አየች።

«ኮምፒውተርማ ምን ያውቃል ልጄ» አሉኝና ግድግዳው ላይ ያለውን ስልክ በዓይናቸው አሳዩን። «ከዚያ ወዲህ እሱን ማንሳት ፈራሁ። በፊትም አንድ ቅዳሜ፣ ያ የእድሩ ስብሰባ ያለ ቀን፣ ከምሳ በኋላ ጀምሮ ሲደውልብኝ ዋለ። ሳነሳው ሰው የለም፣ ጠቅ ጠቅ ብቻ ነው የሚለው። ከአገር ቤት መስሎኝ፣ ዘነበች ነኝ፣ ዘነበች ነኝ እላለሁ። ይዘጋል። ደግሞ ይደውላል። ስብሰባውም በዚያው አመለጠኝ።»

የቢሮው ማሽን ከማንም የስልክ መስመር ጋር አልተያያዘም፣ ስለ ጠቅ ጠቁም ለሚስቴ እንኳ አልተነፈስኩም ነበር። በማግስቱ ስማቸውን አስገብቻለሁ፣ ሁለተኛው ግንኙነትም ከዚያ ወዲያ አልታየም፣ እድሩም በኮምፒውተሩ ላይ ስቆ ጉዳዩን ዘጋው፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ስናገር ከእናንተ በፊት የሰማኝ የለም። የማይለቀኝ ግን የዚያ እሑዱ ነገር ነው።

እዚያው ወጥ ቤት ተቀምጠን ሳለ ስልኩ ጮኸ።

«አንተ አንሳልኝ ልጄ» አሉ።

አነሳሁት። ጠቅ አለ፣ ዝም አለ፣ ጠቅ ጠቅ አለ፣ ከዚያ ዝምታው ረዘመ፣ አንድ ነገር እንድናገር የሚጠብቀኝ መሰለኝ፣ ስሜን ልናገር ፈለግኩ።

«ማነው?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ሮንግ ነምበር ነው» ብዬ ዘጋሁት።

ወዲያው እንደገና ጮኸ። ማናችንም አልተነሣንም፣ ሰላማዊት እኔን ታየኛለች፣ እኔ እሳቸውን አያለሁ፣ እሳቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በጮኸ ቁጥር ከንፈራቸውን በቀስታ ያንቀሳቅሳሉ። ስማቸውን ነበር የሚሉት።