አርባ ሦስት ደረጃ

ሬሳው ገና ከጣራው ሳይወርድ የአየር ሁኔታ ጣቢያው ኃላፊ «በመብረቅ አደጋ ሕይወታቸው ስላለፈ» የሚል ደብዳቤ ጽፎ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ማኅተም አሳርፎበት ነበር። በዚያ መሥሪያ ቤት በአንድ ቀን የተጀመረና ያለቀ ጉዳይ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

መርማሪዋ ደብዳቤውን ተቀብላ አነበበችውና አጥፋ ፊቷን አራገበችበት። ለሌላ የሚሆን ወረቀት አልመሰላትም። ከአሥር ሰዓት እስከ አሥር ተኩል ዶፍ ዝናብ ጥሏል፤ ግድግዳው ግን አሁንም እንደ ምድጃ ይተነፍሳል። ባልደረቦቿ «እመት ለምን» ይሏታል። ፊት ለፊቷ ደፍሮ የሚላት የለም፤ ለምን እንዳላት ትጠይቀዋለችና።

«ማን አገኛቸው?»

«እኔ ነኝ» አለች የአየር ሁኔታውን በሬዲዮ የምታነበው ወጣት። ስቱዲዮዋ እዚያው ምድር ቤት ውስጥ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። «ዝናቡ ሲያባራ ስልክ ልደውል ጣራ ወጣሁ። እታች ኔትዎርክ የለም። ጋሽ ደመና በጀርባቸው ወድቀዋል።»

ጋሽ ደመና የጣቢያው የትንበያ ባለሙያ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰማይ ሲያዩ ስለኖሩ ይህ ቅጽል ስም እውነተኛ ስማቸውን ውጦት ቀርቷል።

መርማሪዋ አርባ ሦስቱን ደረጃ እየቆጠረች ወጣች። ጣራው ላይ አንድ የብረት ምሰሶ፣ አንድ የዝናብ መለኪያና ቴርሞሜትሮቹ የሚቀመጡበት ባለ አራት እግር የእንጨት ሳጥን አሉ። ሬሳው ከሳጥኑ ሥር ነው። ዙሪያው ውኃ አቁሯል። ሬሳውን ሲያነሱት ግን ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ ደረቅ ነበር። ከማጅራታቸው በላይ ተፈንክተዋል። ቴርሞሜትር ለማንበብ የሚቆሙባት አጭር የብረት በርጩማ አጠገባቸው ተገልብጣለች፤ ወደ ላይ የዞረውን ዝናብ አጥቦታል፣ ወደ ታች የዞረው ጠርዝ ላይ ግን ደም አለ።

ክርኗን ሳጥኑ ላይ አሳርፋ ስታነሳው እጅጌዋ ነጭ ሆኖ ወጣ።

«አይንኩት!» አለች አንባቢዋ ዘግይታ። «የዘይት ቀለም ነው። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ጋሽ ደመና ራሳቸው ቀቡት። ነጭ ካልሆነ ሙቀት ስቦ ይዋሻል ይላሉ።»

በሟቹ ደረት ኪስ ውስጥ ማስታወሻ ደብተር ተገኘ። የመጨረሻዋ መስመር «ዘጠኝ ሰዓት፦ 41.7» ትላለች። ሌላ ነገር አልተጻፈም።

ኃላፊው ቢሮው ውስጥ በላብ የራሰ ክራባቱን እንዳጠበቀ ጠበቃት።

«ኢንስፔክተር፣ ነገሩ እኮ ግልጽ ነው። ምሰሶ አለ፣ መብረቅ አለ፣ ሰው አለ።»

«መብረቁ ስንት ሰዓት ላይ ወረደ?»

«እሱን ባለሙያው ነበር የሚያውቀው።»

አንባቢዋ ከበሩ ላይ ጣልቃ ገባች። «መብረቅ ባለበት ሁሉ ማይክሮፎኔ ይንጫጫል። እስከ አሥር ሰዓት ጭጭ ብሎ ነበር። ከስምንት ተኩል እስከ አሥር እርስዎን ስቀዳ አልነበር?»

«ምን ነበር የምትቀጂው?» አለች መርማሪዋ።

«የእንኳን ደስ አለህ ንግግር። አሥራ አራት ጊዜ ቀዳነው። "ያለማቋረጥ" የምትለው ቃል ላይ ያቋርጣሉ።»

ካሴቱ ተሰማ። ኃላፊው ለአሥር ዓመት አንድም ምዝገባ ላላጓደለው የጣቢያው መዝጋቢ ነገ ሜዳሊያ ሊሸልም ኖሯል። መዝጋቢው ቁጥር የሚያስገባበትን ሰዓት ስለማያሳልፍ ቅጽል ስሙ «ሰዓቱ» ነው። አንባቢዋ ከመስተዋቱ ወዲያ፣ ኃላፊው ከመስተዋቱ ወዲህ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ እርስ በርስ ሲሰለቻቹ ካሴቱ ይመሰክራል።

ጠረጴዛው ላይ የጋሽ ደመና የመጨረሻ ሥራ ተዘርግቷል፦ «በመጪዎቹ ሦስት የበጋ ወራት በክልሉ ከባድ ሐሩር፣ አልፎ አልፎም መብረቅ የቀላቀለ ነጎድጓዳማ ዝናብ ይጠበቃል። አረጋውያንና ሕፃናት በቀትር ከቤት ባይወጡ ይመረጣል።» ኃላፊው በቀይ እስክርቢቶ ሠርዞ «ደስ የሚል ሞቃታማ አየርና መንፈስን የሚያድስ ካፊያ» ብሎ አርሞታል።

«ለምን?»

«ሕዝብ እንዳይረበሽ ነዋ።»

«ካልነገሩት አይሞቀውም?»

ኃላፊው ይህን ከዚህ በፊት አስቦት እንደማያውቅ ፊቱ ተናገረ። መርማሪዋ የመጨረሻውን አንቀጽ ፈለገች። በሁለት መስመር ስለተሠረዘ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንስታ አነበበች፦ «የጣቢያው የሙቀት መዝገብ ሊታመን ስለማይችል ትንበያው የተዘጋጀው በግል ልኬቴ ነው።»

መዝጋቢው ሰዓቱ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ የጣቢያውን ብቸኛ ማራገቢያ ወደ ራሱ አዙሮ ተቀምጧል። ትልቁ መዝገብ ፊቱ ተዘርግቷል።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«እዚሁ ወንበሬ ላይ።»

«ታዲያ የዘጠኝ ሰዓቱን ሙቀት ማን ወጥቶ አነበበ?»

ሰዓቱ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ያዘጋጀውን እንደሚያወጣ ሰው፣ «ነውሬን ልናገር» አለ። «ጣራ ከወጣሁ ስድስት ዓመት አልፎኛል። ጉልበቴ እሺ አይለኝም። ከዚሁ ሆኜ በግምት ነው የምሞላው። ይቅጡኝ፣ ግን እዚያ አልነበርኩም።»

«ሁላችንም እናውቃለን» አለች አንባቢዋ። «መዝገቡ ራሱ ከዚያ ጠረጴዛ ተነስቶ አያውቅም።»

«ተነስቶ አያውቅም» አለ ሰዓቱ ፈጠን ብሎ።

መርማሪዋ መዝገቡን ተቀበለችው። ገጽ በገጽ ወደ ኋላ ገለጠች፤ ዘግታም ጀርባውን አየች።

ይህን ጊዜ የሟቹ ታላቅ እህት ጃንጥላቸውን እየተመረኮዙ ገቡ። ዓይናቸው ደርቋል፤ ያለቀሱት በመንገድ ላይ መሆን አለበት።

«ልጄ፣ መብረቅ መታው አሉኝ» አሏት መርማሪዋን። «ወንድሜ እኮ ሰማይ ሲያጉረመርም መንገደኛውን ሁሉ ከዛፍ ሥር እየጮኸ የሚያባርር ሰው ነው። እሱ ምሰሶ ሥር ይቆማል? ሲጠነቀቅ ኖሮ ሞኝ ተብሎ ይቀበር?»

«አይቀበሩም እትዬ።»

«ሁለት ወር የደከመባት ትንበያ ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትነበባለች ብሎኝ የሬዲዮዬን ባትሪ ቀይሬ ነበር።»

መርማሪዋ ሰዓቷን አየች። ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። «ሁላችሁም ተቀመጡ» አለች፤ ማራገቢያውንም ወደ እህትየው አዞረችው።

«በመጀመሪያ መብረቁን እናሰናብተው። ዝናቡም ነጎድጓዱም አሥር ሰዓት ላይ ነው የመጡት። ከሬሳው ሥር ያለው ሲሚንቶ ደረቅ ነው፤ ስለዚህ ጋሽ ደመና የወደቁት ከዚያ በፊት ነው። የመታቸው በርጩማ ነው፤ በርጩማ ደግሞ ከሰማይ አይወርድም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሕይወት ነበሩ፤ በእጃቸው 41.7 ብለው ጽፈዋል። ያን ጊዜ ኃላፊውና አንባቢዋ ካሴት ላይ ናቸው። በጣቢያው የቀረው አንድ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ስንፍናውን ምስክር አድርጎ አቀረበልን።»

«ስንፍና ወንጀል ነው?» አለ ሰዓቱ።

«አይደለም። ዛሬ አለመስነፍህ ነው ችግሩ።» እርስዎ ማለቷን እንዳቆመች ሁሉም ልብ አለ። «ስድስት ዓመቱን ገልጬ አየሁት። ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ ስምንት ተኩል። ሠላሳ ዘጠኝ። በግምት የሚጽፍ ሰው ከሙሉና ከግማሽ አያልፍም፤ ነጥብ ሰባት ብሎ ለመዋሸት እንኳ መትጋት ይጠይቃል። የዛሬው ስድስት ሰዓት ሠላሳ ስምንት ተኩል ይላል። የዘጠኝ ሰዓቱን አንብበው።»

ሰዓቱ ፊቱን አዞረ። አንባቢዋ ጎንበስ ብላ፣ በሙያዋ ድምፅ፣ «አርባ አንድ ነጥብ ሰባት» አለች።

«ከሟቹ ኪስ ካለው ጋር ልክ አንድ ነው። በአጋጣሚ ነው ትለኝ ይሆናል።» መርማሪዋ መዝገቡን ገለበጠችው። ጥቁሩ የኋላ ሽፋን ላይ እንደ እጅጌዋ ያለ ነጭ ቀለም ተጣብቋል። «ከጠረጴዛህ ተነስቶ የማያውቅ መዝገብ ጣራ ላይ ምን ሊያደርግ ወጣ?»

ኃላፊው ክራባቱን አላላ። «ግን... ቁጥሩን ለምን አልሠረዘውም?»

መርማሪዋ የፊት ሽፋኑን አሳየችው። በኃላፊው ፊርማ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነው፦ «ያለ ትንበያ ባለሙያው ፊርማ ስርዝ ድልዝ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።»

«ፈራሚውን ገድሎ መመሪያውን አከበረ» አለች። «ያሠለጠናችሁት ሰው ነው።»

ሰዓቱ ጉልበቱን ማሸት ጀመረ። «መዝገቡን አስይዘው ጣራ አወጡኝና ፊቴ ቆመው "አንብብ፣ እዚሁ ጻፍ" አሉኝ፤ እንደ ሕፃን። በስድስት ዓመት ውስጥ የጻፍኩት ሁሉ ሦስት ዲግሪ ይጎድለዋል፣ ነገ በሜዳሊያው ፊት እናገራለሁ አሉ። ሳጥኑን ሊዘጉ ዞሩ...»

«በአንተ ሦስት ዲግሪ የተነሳ» አሉ እህትየው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «ስንቱ ሽማግሌ "ዛሬስ በርዷል" ተብሎ ፀሐይ ላይ ወጥቷል።»

ሰዓቱ ጉልበቱን ማሸቱን ቀጠለ። ከመርማሪዋ ጋር የመጡት ፖሊሶች ክንዱን ሲይዙት ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አይቶ ደነገጠ። «የአሥራ ሁለት ሰዓቱን ማን ይመዘግባል?»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ትንበያውን በተመለከተ ከበላይ አካል ጋር ተነጋግሮ፣ ምናልባት ነገ ጧት፣ ሲል አንባቢዋ ይዞት የመጣውን የትንበያ ወረቀት ከእጁ ላጥ አድርጋ ወሰደችው። «ቀዩን አላነብም» ብላ ወደ ስቱዲዮዋ ወረደች።

እህትየው ጃንጥላቸውን አንስተው ወደ ደረጃው ዞሩ።

«እትዬ፣ አርባ ሦስት ደረጃ ነው እኮ» አለች መርማሪዋ።

«ይሁና።»

ሁለት ጊዜ ቆመው አረፉ፤ እታች ሆነው የእግራቸውን ኮቴ ለሚያደምጡት ረጅም ጊዜ ነበር። ከምድር ቤት የአንባቢዋ ድምፅ «በክልሉ ከባድ ሐሩር፣ አልፎ አልፎም መብረቅ የቀላቀለ ነጎድጓዳማ ዝናብ» እያለ ሲወጣ፣ ከጣራው ደግሞ የአሮጊቷ ድምፅ ወረደ።

«ሠላሳ ሦስት ነጥብ አራት!»

መዝገቡ ማስረጃ ስለሆነ ታሽጓል። መርማሪዋ ኪሷን ፈትሻ ባለ ማኅተሙን የመብረቅ ደብዳቤ አወጣች፣ ገልብጣም ቁጥሩን በንጹሕ ጀርባው ላይ ጻፈችው።