አራት አራቱን ያነሳ እጅ

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያ ፊደሉ እስከ መጨረሻ ነጥቡ እውነት ነው። የሰሊጥ ፍሬ ታህል ጭማሪ ቢገኝበት የዘንድሮው የጅማ ዝናብ የጎረቤቱን ጣሪያ ሁሉ ዘሎ በተራኪው ቤት ላይ ብቻ ይውረድ።

መንደራ ቆጪ ውስጥ፣ ባጃጆች ከሚሰለፉበት ጥግ ገባ ብላ ባለች ጠባብ ወርክሾፕ፣ ዳግማዊ የሚባል ሰው ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ሞቶ ተገኘ። በብረት ጠረጴዛው ሥር በጀርባው ተዘርግቷል፤ ማጅራቱ ተሰንጥቋል፤ የጠረጴዛው ማዕዘን ደም ነክቶታል። በሩ ላይ የተሰበሰበውን ሕዝብ ያየ ሰው የሐሙስ ገበያ ወደ ማክሰኞ የዞረ መስሎት ነበር። ሦስት መቶ ባጃጅ ቆሟል፤ ቢያንስ።

ሟቹ እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ ሰው አልነበረም። በአሴምብሊ ይጽፍ ነበር፤ ማለትም ፕሮሰሰሩን በራሱ ቋንቋ፣ እያንዳንዷን እርምጃ እየነገረ ያዝዘዋል። መዳፍ የምታክል መሣሪያ ሠርቶ ነበር፤ የመጋዘን ሠራተኛ ከቡና ጆንያው ላይ የገበሬውን ስም አይቶ ሲጽፍባት፣ ከመቶ ሺህ ስም መሃል ፈልጋ ታወጣለች። በውስጧ ያለው ኤም ዜሮ የሚባል ርካሽ ፕሮሰሰር ነው። ሌላ ሰው በዚያ ፕሮሰሰር ቢጽፍ ፍለጋው ሻይ ተማስሎ እስኪጠጣ ይፈጃል፤ የዳግማዊ ግን ዐይን ሳይጠቀስ ያበቃል። ማክሰኞ ከሰዓት ለገበሬዎች ማኅበር ሊያሳያት ነበር። አልደረሰም።

ጉዳዩ ለኢንስፔክተር ሀጂራ ተሰጠ። ሀጂራ ማለት ሰው ሲስል ከሳሉ ድምፅ ውሸቱን የምትለይ፣ የታሰረ ጆንያ ከውጭ አይታ ስንት ፍሬ እንደነቀዘ የምትናገር ሴት ናት። በሃያ ዓመት ሥራዋ አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳተችም። በዚህ ጉዳይ ግን ሦስት ቀን ሙሉ እህል አልበላ አላት፤ ጣቢያው ውስጥ የታሰረችው ልጅ ዐይን እየታያት።

የታሰረችው የዳግማዊ የሥራ ባልደረባ ነጅላ ናት። የዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ችሎት ላይ በነፍስ ግድያ ልትቀርብ ነው። ማስረጃው እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ኮምፒውተሩ ማን በስንት ሰዓት ሥራውን እንዳስቀመጠ ይመዘግባል፤ በዳግማዊ ስም የመጨረሻው ሥራ የተቀመጠው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ስለዚህ እስከዚያ በሕይወት ነበር። ሸሪኩ አብሳሎም በሁለት ሰዓት ወደ ሸቤ ሄዷል፤ ሾፌሩ ጅብሪል መስክሯል። ሲመለስ ሬሳውን ያገኘውም እሱ ነው። በአራት ሰዓት በሩ ላይ ስትጮህ የተሰማችው ነጅላ ብቻ ናት።

ሀጂራ ዓርብ ጠዋት የጀመረችው ከጎረቤቱ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ከአቶ ደሬሳ ነው።

«ነጅላ ምን እያለች ነበር የምትጮኸው?»

«‹በሩን ክፈት! ስሜን ከሥራው ላይ ለምን አወጣኸው?› ነው ያለችው። ዱጋዬን፣ እውነቴን ነው የምልዎት፣ የከፈትኳቸው ሬዲዮኖች ሁሉ ዝም ያሉ ነው የመሰለኝ።»

«እሱስ ምን መለሰ?»

«ምንም።»

«አልመለሰም ነው ወይስ እርስዎ አልሰሙም?»

«ኢንስፔክተር፣ እኔ እኮ ጠጋኝ ነኝ። ዝምታንና ብልሽትን እለያለሁ። ያ ዝምታ ነው።»

«እርስዎስ ከሟቹ ጋር አልተጣሉም?»

«በመብራት ቆጣሪ ሁልጊዜ እንነታረክ ነበር። በቆጣሪ ሰው የሚገደል ቢሆን ጅማ ውስጥ ማን ይተርፍ ነበር!»

ሀጂራ ሳትስቅ ሄደች። አብሳሎምን ያገኘችው ከሚያስተምርበት ኮሌጅ ደጃፍ ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ፊቱ ያልታጠበ።

«አንተም እንደሱ ትጽፋለህ?»

«እጽፋለሁ። የእኔ ግን ኤም ፎር ነው፣ ትልቁ ፕሮሰሰር። ኤም ዜሮ የድሃ ዕቃ ነው። ዳግማዊ በአህያ የፈረስ ግልቢያ ውድድር የሚገባ ሰው ነበር።»

«ልዩነታቸው ምንድነው?»

«ፍጥነት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ይኖራል፣ ኢንስፔክተር?»

ሀጂራ የመጨረሻውን መልስ ሁለት ጊዜ ጻፈችው። ለምን እንደሆነ ገና አላወቀችም፤ እጇ ግን ያውቅ ነበር። ያ እጅ እንዲህ ነው።

በአምስት ሰዓት ጣቢያ ገብታ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የተቀመጠውን ሥራ በወረቀት አሳትማ ለነጅላ ሰጠቻት።

«እንደ ሰው ደብዳቤ አንብቢልኝ።»

ነጅላ ሦስት ቀን ያልተኛ ዐይኗን አሸት አሸት አድርጋ አነበበች። ግማሽ ገጽ ሳትደርስ ቀና አለች።

«ይኼ የእሱ አይደለም።»

«በምን አወቅሽ?»

«አራት አራቱን ከየትም ያነሳላ! ይኸውልዎት… የማሽኑን ማኅደር እንደ ረጅም መደዳ ክፍሎች ያስቡት። የፈረንጅ ፊደል አንድ ክፍል ይበቃዋል፤ የእኛ ፊደል ግን ሦስት ክፍል ይይዛል። አንድ በአንድ ከፈለጉ ይዘገያል። ስለዚህ አራቱን ክፍል በአንድ ጊዜ አንስቶ ማየት ነው ብልሃቱ።»

«እና ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?»

«ትልቁ ፕሮሰሰር አራቱን ከየትም ያነሳል። ኤም ዜሮ ግን አራት የሚያነሳው በአራት ከሚካፈል ቁጥር ጀምሮ ብቻ ነው፤ ከዜሮ፣ ከአራት፣ ከስምንት። ከቁጥር አምስት ክፍል ጀምረህ አራት አንሳ ካሉት ቀጥ ይላል፤ ይሞታል። የእኛ ስሞች ደግሞ በሦስት በሦስት ስለሚሄዱ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያቸው አይገጥምም። ዳግማዊ መጀመሪያ አንዷን፣ ሁለቷን ለብቻ ያያል፤ የሚገጥመው ቁጥር ላይ ሲደርስ ነው አራት አራቱን የሚያነሳው። አንድ ቀን እንኳ ረስቶት አያውቅም። ይኼን የጻፈ ሰው ዝም ብሎ ነው ያነሳው፣ ከየትም።»

«በሩን ካንኳኳሽ በኋላ ለምን ሄድሽ?»

«አልከፈተልኝማ! የተኮራረፍን መስሎኝ ተናድጄ ሄድኩ።» ወረቀቱን አጥፋ አስቀመጠች። «ሞቶ ነበር ለካ። ሬሳ ላይ ነበር የጮህኩት።»

ሀጂራ ሰዓቷን አየች። ችሎቱ አራት ሰዓት ቀርቶታል።

በስምንት ሰዓት ሁሉም ወርክሾፑ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ነጅላ በሁለት ፖሊስ መሃል፣ አብሳሎም በመስኮቱ፣ ደሬሳ በሩ ላይ፣ ጅብሪል የመኪናውን ቁልፍ እያሽከረከረ። በሩን የከፈቱላቸው የቤቱ ባለቤት አዴ ሳሊሀ ናቸው፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ሰርቦ ለለቅሶ ሄደው የተመለሱት የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው። ጥቁር ሻሻቸውን እንዳሰሩ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

ሀጂራ ዳግማዊ የሠራትን ስም ፈላጊ መሣሪያ አንስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በነጅላ እጅ መጀመሪያ ያለፈው ሳምንት የዳግማዊ ሥራ ተጫነ።

«የገበሬ ስም ጻፊ።»

ነጅላ «ኩመራ» ብላ ጻፈች። ጣቷን ሳታነሳ መልሱ መጣ፤ ኩመራ፣ የሰርቦ ቡና። ደሬሳ አፏጨ።

«አሁን ማክሰኞ የተቀመጠውን ጫኚ።»

ያው ስም ተጻፈ። መሣሪያዋ ቀይ መብራት አብርታ ደረቀች። ቢነኳት፣ ቢያናውጧት፣ እንደ ድንጋይ።

«ዳግማዊ ይህን አይጽፍም» አለች ሀጂራ። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ግን በዚያ ሰዓት ውጭ ያለው የባጃጅ ጥሩምባ ሁሉ የተገታ ይመስል ነበር። «ካልጻፈው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በሕይወት ለመኖሩ ማስረጃ የለንም። ማስረጃ ከሌለን ከሁለት ሰዓት በፊት ሞቶ ሊሆን ይችላል። ከሁለት ሰዓት በፊት ከሞተ ደግሞ፣ በአራት ሰዓት በሩን ያንኳኳችው ልጅ ያንኳኳችው ለሬሳ ነው። አቶ ደሬሳ የሰሙትም ዝምታ እሱ ነው። ታዲያ በሟች ስም ማን ጻፈ? ስሙን ተጠቅሞ ከርቀት በኢንተርኔት ወደ ኮምፒውተሩ መግባት የሚችል ሰው። ኤም ፎርን እንጂ ኤም ዜሮን የማያውቅ ሰው። በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት ‹ፍጥነት ብቻ ነው› ያለኝ ሰው።»

ሁሉም ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ኮዱ የኔ ነው» አለ አብሳሎም፤ ከንፈሩ ነጥቷል። «ከሁለት ሳምንት በፊት ጽፌ ሰጠሁት። ሳቀብኝ። ‹ይኼ ከትልቁ ማሽን ውጪ አይራመድም› አለኝ፣ አላመንኩትም። ግን እኔ አላስገባሁትም! ሸቤ ስደርስ ኮምፒውተሬን እንኳ አልከፈትኩም።»

«ጅብሪል፣ መንገድ ላይ ምን ይዞ ነበር?»

«ላፕቶፑን ታቅፎ ነበር፣ እትዬ ኢንስፔክተር። እንደ ሕፃን።»

ካቴናው ከነጅላ እጅ ወጥቶ አብሳሎም እጅ ላይ ገባ። ነጅላ አንጓዋን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ደሬሳ አጨበጨበ። ሀጂራም በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አረፍ ልትል ግድግዳው ሥር የነበረውን ረጅም በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«ለኪ» አሉ አዴ ሳሊሀ። እንዲህ አይደለም ማለታቸው ነው፤ ግን በጣም ቀስ ብለው ስለተናገሩት ሀጂራ ብቻ ሰማች።

«ምን አሉ፣ እማማ?»

«ማክሰኞ ወደ ሰርቦ ልወጣ ስል አራት ሰዓት ተኩል ነበር። ዳግማዊ እዚህ በር ላይ ቆሞ እየሳቀ ነበር።»



«ተሳስተው ይሆናል፤ ሰኞ…»

«ለቅሶ የምሄድበትን ቀን እሳሳታለሁ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ? ‹ነጅላ አሁን በር ስትደበድብ ዝም አልኳት› አለኝ። ‹ስሟን ልመልሰው ነው፤ ከሰዓት እንግዶቹ ፊት ላስደንቃት› አለ። ‹የአብሳሎምንም ሥራ ራሴ ከትቼዋለሁ፤ አላምን ብሎኝ የለ፣ ማሽኗ ፊቱ ላይ ስትደርቅበት ይመነኝ፤ ከዚያ የእኔን እመልሳለሁ› አለኝ። እኔ አልገባኝም፤ እሱ ሲስቅ ሳቅሁ።»

አብሳሎም ካቴናው እንዳለ ወለሉን አየ።

«ከዚያስ?» አለች ሀጂራ። ድምፅዋ የሌላ ሰው ነበር።

«ከጠረጴዛው በላይ ጣሪያው ላይ ያለችውን የኢንተርኔት ሽቦ ላጥብቅ ብሎ መቆሚያ በርጩማ ለመነኝ። ሰጠሁትና ወጣሁ። መሞቱን የሰማሁት ዛሬ ጠዋት ነው፤ አላህ ይማረው።» አዴ ሳሊሀ የሻሻቸውን ጫፍ ይዘው ሀጂራ ወደተቀመጠችበት አዩ። «አንድ እግሩ ይነቃነቃል ብዬው ነበር።»