ዋኔ ቻቻቻ ስትዘፍን

ዴቃ እየሳቀች መድረኩ ላይ ወጣች። ውስጣቸው ፍሬ ከሚንኳኳው ጥንድ ማራካሶች አንዱን ከዘፋኟ ከዒፍራህ እጅ ተቀብላ ነቀነቀችው፤ በዚያው ሚሞሪ ካርዱን በስንጥቁ ከተተችና መለሰችላት።

የሆቴሉ ግቢ በጭብጨባ ተናጋ። ማንም አላየም።

ካርዱ ላይ የባሬ ድምፅ አለ። ባሬ በድንበር ከተማዋ በቶጎጫሌ በኩል ሩዝ የሚያስገባ ነጋዴ ነው፤ ከሩዙ ሥር ሽጉጥ እንደሚጭን በገዛ አፉ ሲናገር የቀዳችው የራሱ ጸሐፊ ዴቃ ነች። አሁን ፊት ለፊት ተቀምጦ በጣቱ ምቱን ይከተላል።

ወደዚህ ያመጣው ዘፈኑ ነው። ዒፍራህ፣ በደኅንነት መሥሪያ ቤቷ የምስጢር ስም «ዋኔ»፣ መጀመሪያ የሶማሊኛና የአማርኛ ዘፈን ነበር የምትዘፍነው። ባሬ በወጣትነቱ ጅቡቲ ወደብ ሲሠራ የላቲን ሙዚቃ እንደለመደ ሲታወቅ፣ ዝግ ያለውን ቦሌሮና ፈጣኑን ቻቻቻ አጥኚ ተባለች። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኤልሚ የስፓኒሹን ግጥም በአማርኛ ፊደል እየጻፈ አስጠናት። ለሽፋን የጀመረችው ነገር እንቅልፍ ይነሳት ጀመር፤ በማታውቀው ቋንቋ ስትዘፍን ብቻ የማትዋሽ ይመስላት ነበር። ኤልሚ ግን ማን እንደሆነች አያውቅም።

ዕረፍት ሲሆን ወደ ወጥ ቤቱ በር ሄደች። አለቃዋ ሮብሌ ቆሞ ጠበቃት።

መምጣት አልነበረበትም።

«ካርዱን።»

«ከዝግጅቱ በኋላ አልተባባልንም?»

«ተቀይሯል። ዴቃስ በየት በኩል ነው የምትወጣው?»

ዒፍራህ የዴቃን ስም ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለሮብሌም ቢሆን።

ሊነግረው የሚችለው ጸሐፊውን የጠረጠረው ባሬ ብቻ ነው፤ አለቃዋ ተገዝቷል ማለት ነው።

«እዚህ ውስጥ ነው» ብላ ሁለተኛውን ማራካስ ሰጠችው። ካርዱ የሌለበትን።

ወደ መድረኩ ተመለሰች። ከዴቃ ጋር ተነጋግረዋል፤ ቦሌሮ ከሆነ ሰላም ነው፣ ቻቻቻ ከሆነ ሩጪ።

«ኤልሚ፣ ቻቻቻ!»

«አባዮ፣ ተራው የቦሌሮው ነው እኮ!» አለ፤ እህቴ ማለቱ ነው።

«ጀምር ስልህ!»

ዘፈነች። ዴቃ የጁስ ብርጭቆዋን አስቀመጠች፤ ሻሿን አስተካክላ በዋናው በር ወጣች።

የባሬ ጣት ቆመ።

ሮብሌ ከወጥ ቤቱ ብቅ አለ። በአንድ እጁ የተሰበረ ማራካስ፣ በሌላው ሽጉጥ።

ኤልሚ ኪቦርዱን ከነማቆሚያው ገፍቶ መሀል ገባ።

ተተኮሰ።

«ዒፍራህ!»

የጮኸው ኤልሚ ነው፤ የተመታ የእጁን አንጓ ይዞ ወደቀ። እሷ የቀረውን ማራካስ ደረቷ ላይ አቅፋ በሚንጫጫው ሰው መሀል ሮጠች። ዞር ብላ አላየችውም።

ካርዱ ድሬዳዋ ላሉት የበላይ ኃላፊዎች ደረሰ። ሳምንት ሳይሞላ ባሬም ሮብሌም ተያዙ። ዴቃ ሐርጌሳ ገባች። ኤልሚ ዳነ፤ ጣቶቹ ግን ከዚያ በኋላ አልታዘዙትም። ዒፍራህን ደግሞ «ከዛሬ ጀምሮ የለሽም» አሏት። መዝፈን ክልክል። ኤልሚን መጠየቅ ክልክል።

በባቡር መስመሩ ላይ ባለችው አዲጋላ ሱዕዲ ተብላ ጨርቅ መሸጥ ጀመረች። አንድ ቦታ መቀመጥ ግን አቃታት። ባቡር ጣቢያው ድረስ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ትሄዳለች። አንድ ቀን ረፋድ ላይ የጎረቤት ስልክ ተውሳ በቃሏ የያዘችውን ቁጥር ደወለች።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?» አለ ኤልሚ።

ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

«ሃሎ?... አባዮ?»

«ቁጥር ተሳስቼ ነው፣ ወንድሜ» አለች ድምፅዋን አጎርንና።

ስልኩን መለሰችና ወደ ደንበኛዋ ዞረች።

«ስንት ሜትር ነበር ያልሽኝ?»